በከንፈር የተያዙ ስፒሎች

«ጋሼ፣ ሕመሙን ከአስር ስንት ይሰጡታል?» አለች ነርሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ።

«ሁለት» አለ ታማሚው። «እሱም ከበዛ ነው፣ ሲስተር።»

ሴት ልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማለች። ውሸቱን ነው። ካንሰሩ አጥንቱ ውስጥ ከገባ ወዲህ ሐኪሞቹ እንደማይድን ነግረዋቸዋል፤ ነርሷ ቤት ድረስ የምትመጣው ቀሪ ጊዜው ስቃይ እንዳይሆንበት ነው። ትናንት ግን ማስታገሻውን አበባ የተተከለበት ጣሳ ውስጥ ሲደፋ ልጁ ደርሳበታለች።

«ያስተኛኛል» አላት። «ከትምህርት ቤት ስትመጪ ተኝቼ ልጠብቅሽ? ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትይ፣ አለቃ።»

አለቃ የሚላት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር። ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርገው «አለቃ፣ ሱቁን ጠብቂ» ይላትና ወንበሩ ላይ ያንኮራፋል። ያ የካውያና የትኩስ ጨርቅ ሽታ እንዴት ይናፍቃታል! ልብስ ሲለካ ስፒሎቹን በከንፈሮቹ ይይዛል። ደንበኛ ቢጠይቀው፣ ስልክ ቢጮህ መልሱ «እምም» ብቻ ነው። መናገር ሲያስፈልገው እሷ መዳፏን አገጩ ስር ትዘረጋለች፣ እሱም ስፒሎቹን እዚያ ላይ ይተፋል።

አሁንም ከንፈሮቹ እንደዚያው ግጥም ብለዋል። እናቷ «ተመስገን፣ ዛሬ ተሽሎታል» ትላለች። ልጅቷ ግን ታውቀዋለች። ከተናገረች፣ ስትመጣ ተኝቶ ታገኘዋለች። ዝም ካለች፣ ለሷ ሲል እያመመው ይስቃል።

ነርሷ ቦርሳዋን መዝጋት ጀመረች።

ልጅቷ አልጋው አጠገብ ተንበረከከችና መዳፏን አገጩ ስር ዘረጋች።

አባቷ መዳፏን አየ። ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም።

«ስምንት» አለ ቀስ ብሎ። «አንዳንዴም ዘጠኝ።»

«ታዲያ ምነው ደበቁኝ?» አለች ነርሷ ቦርሳዋን መልሳ እየከፈተች።

«ልጄ ስትመጣ ነቅቼ ልጠብቃት ብዬ ነዋ።»

«እሱን ነበር መጀመሪያ መንገር! መጠኑንም ሰዓቱንም አብረን እናስተካክለዋለን። እንቅልፉም ሰውነትዎ ሲለምደው ይቀንስ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግን ሊከብድዎት ይችላል።»

መድኃኒቱን ዋጥ አደረገና ወደ ልጁ ዞረ። «እንግዲህ ልተኛብሽ ነው፣ አለቃ።»

ልጅቷ ቦርሳዋን አወረደች፤ ወንበሩንም ወደ አልጋው ሳበች።

«ተኛ፣ አባዬ። ሱቁን እጠብቃለሁ።»