የዓለምሰገድ ግራ እግር

«ሠራሽለት?» አለች እናቷ ዘርፌ ገና ከበሩ ሳታልፍ።

«ሠራሁለት» አለች አፀደ። ጫማዋ ላይ ያለው የሜዳ አቧራ እንዳይታይባት እግሯን አልጋው ስር ደበቀች።

እናቷ ወደ ዓለምሰገድ ዞር ብላ እውነት መሆኑን ጠየቀችው። የስድስት ዓመቱ ልጅ ፍራሹ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ተቀመጠ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። አፉ ውስጥ አፀደ የሰጠችው ማስቲካ ነበር።

ዓለምሰገድ ሲወለድ ቶሎ አላለቀሰም። ሁለት ዓመት ሲሞላው እግሮቹ እንደ መቀስ እየተጠላለፉ፣ ጣቶቹ ብቻ መሬት እየነኩ መቆም አቃተው። ነገሩን ያስረዷቸው በሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚሠሩት ሲስተር ትርሓስ ናቸው። እግሩ ጤነኛ ነው፤ የተጎዳው አንጎሉ ነው አሉ። አንጎሉ ጡንቻውን ዘና በል ብሎ ማዘዝ ስለማይችል ባቱና ጭኑ ሁልጊዜ እንደ ተኮማተሩ ይኖራሉ። የሚያድን መድኃኒት የለውም። በየቀኑ በዘይት ታሽቶ በቀስታ ከተሳበ ግን ጡንቻው አያጥርም፤ አንድ ቀንም በድጋፍ ይቆም ይሆናል። ተረከዙን በመዳፍ ይዞ፣ ጣቶቹን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ እስከ ሠላሳ መቁጠር ነው። ከተጣደፉበት ጡንቻው ይታገላል፤ ከታገሡት ይለቃል።

አባታቸው የአሰብ መስመር ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። እናታቸው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች፤ በጠዋት በሰርቪስ ወጥታ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ ማሸቱና መሳቡ የአፀደ ሥራ ሆነ።

አፀደ ደግሞ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቦታ ተቀመጪ ከሚሏት ውኃ ቅጂ ቢሏት ትመርጣለች። ክፍል ውስጥ እንኳ እግሯ ከወንበሩ ስር ይርገበገባል። እስከ ሠላሳ መቁጠር ለእሷ ዓመት ነው፤ ይልቁንም ከቀበሌው ግቢ የመረብ ኳሱ ድምፅ እየመጣ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ መቁጠር ጀመረች። ቀጥሎ ግራ እግሩን ዘለለች፤ ይበልጥ የሚያመው እሱ ነበር። የመረብ ኳስ ቡድኗ አምበል ሰዓዲያ «አንድ ቀን ከልምምድ ከቀረሽ አትሰለፊም፤ አልፎግርሽም» ካለቻት በኋላ ጨርሶ ተወችው። ዓለምሰገድም አልተቃወመም። ሕመሙ ቀረለት፣ ማስቲካው መጣለት። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

ቅዳሜ እናቱ ልታጥበው ስትል እግሮቹ አልከፈት አሏት። ጉልበቱን ደጋግማ አሻሸችው። ከዚያ በየቀኑ እየታሸ ከባሰበት የሆስፒታሉ ነገር ከንቱ ነው አለችና መገናኛ አካባቢ ወደሚኖሩት ወጌሻ ወደ ጋሽ ገብረየስ ሰው ላከች። አፀደ ለመናገር አፏን ከፈተች። ግን ሰኞ ልምምድ ነበር፣ ረቡዕ ግጥሚያ። ዘጋችው።

ጋሽ ገብረየስ የሰፈሩን ስንት ውልቃት የመለሱ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። እሑድ መጥተው ለስላሳ ቅቤ አስቀርበው ግራ እግሩን ያዙ። «ትንሽ ነው፤ ቻል እንግዲህ» አሉትና በአንዴ ሳቡት። እግሩ እንደ እንጨት ደረቀ። አጥብቀው ሳቡ።

ዓለምሰገድ ከንፈሩን ነከሰ። እንባው ወረደ እንጂ ዓይኑን ከእህቱ ላይ አልነቀለም። አልሠራችልኝም ቢል ሁሉም ነገር እዚያው ይቆም ነበር። አላለም። አፀደ ወደ በሩ ሄደች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች። ሦስተኛ ጊዜ ስትመለስ እጇን በሰውየው እጅ ላይ አሳረፈች።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይተዉት» አለች። ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ሆስፒታሉ አይደለም። እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት አልነካሁትም። ኳስ ሜዳ ነበርኩ።»

ጋሽ ገብረየስ እግሩን ቀስ አድርገው አስቀመጡና እጃቸውን ጠረጉ።

«አጥንቱ ቦታው ላይ ነው» አሉ ዘርፌን ሳያዩ። «ገና ስነካው አውቄዋለሁ። ጠርታችሁኝ ምንም ሳላደርግ ልሂድ? ብዬ ነው።»

እናቷ አልመታቻትም፤ አልጮኸችባትም። ሰውየውን ሸኝታ ስትመለስ ረቡዕ የሆስፒታል ቀጠሮ እንዳለው አስታወሰቻት። እሷ ከሥራ ፈቃድ አታገኝም። «አንቺ ትወስጅዋለሽ» አለች። «ለሲስተርም ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ረቡዕ አፀደ ወንድሟን አዝላ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆማ ሳለ ቡድኑ በቁምጣ እየተንጫጫ አለፈ። ሰዓዲያ ተመልሳ መጥታ ቶሎ ደርሳ መመለስ ትችል እንደሆነ ጠየቀቻት። አፀደ እንደማትችል ነገረቻት። ሰዓዲያ ልጁን አየች፣ አፀደን አየች፤ የአፀደን ማልያ ለሌላ ተጫዋች እንደምትሰጠው ተናግራ ሮጠች።

ሲስተር ትርሓስ እግሩን እያጠፉ እየዘረጉ ለኩት። በየቀኑ ተሠርቶለት እንደሆነ ሲጠይቁ አፀደ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። አልተቆጡም፤ መዝገቡ ላይ ጻፉ። በሦስት ሳምንት የጠፋውን ለመመለስ ምናልባት ሦስት ወር እንደሚፈጅ፣ ከእንግዲህም ጠዋትና ከሰዓት መሠራት እንዳለበት ነገሯት። ከዚያ ማንም ያላደረገውን አደረጉ፤ ወደ ልጁ ጎንበስ ብለው ማን እንዲሠራለት እንደሚፈልግ ጠየቁት።

«እማዬ» አለ ዓለምሰገድ ሳያመነታ።

አፀደ ፊቷ ጋለ። መስኮቱን አየች፤ በሩን አየች። ተነስታ መሄድ አማራት።

«እሑድ እማዬ ትሠራልሃለች» አለችው በመጨረሻ። «በሌላው ቀን ግን ቤት ያለሁት እኔ ነኝ።»

ልጁ አሰበ። «አታጣድፊኝም?»

«አላጣድፍህም።»

ጫማዋን አወለቀችና ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች።

«ሲስተር፣ እንደ አዲስ ያሳዩኝ» አለች። «ከግራው እንጀምር።»