የፍረይጅ ጠባሳ

በሡልጣን አብዱልሐሚድ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ከጋዛ በስተደቡብ በተንጣለለው የቢር ሰብዕ ሜዳ፣ አንዲት የበትር ምት በሁለት አፍ ትነገር ነበር። ሸይኽ ሐማድ እንደከሰሱት ከሆነ፣ የጎረቤት ጎሣ ሰው የሆነው ሙሰለም በውኃ ወረፋ ተቆጥቶ፣ የወንድማቸውን ልጅ የፍረይጅን ጉንጭ ሆን ብሎ ሰነጠቀው። ሙሰለም እንደማለው ደግሞ፣ አፉ ሳይታሰር የተለቀቀ የሸይኹ አውራ ግመል ለስሪያ ተነሣሥቶ ነበርና የፍረይጅን ማጅራት ከኋላ ሊዘነጥል ደረሰ፤ ሙሰለም በትሩን ለግመሉ ሰነዘረ፤ ግመሉ ቢያፈገፍግ ምቱ ሰው አገኘ።

«ግመሌ ያን ዕለት አፉ ታስሮ ነበር» ይላሉ ሸይኹ።

ሕጉን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ ለስሪያ የተነሣሣ ግመል አፉን ሳያስር የለቀቀ ሰው፣ በገዛ እጁ እንደመታ ይቆጠራል። ፍረይጅ ጀርባውን ሰጥቶ ውኃ ይቀዳ ስለነበር ምንም አላየም ተብሎ፣ የጠየቀው አልነበረም። እርሱ ግን ከበትሩ አስቀድሞ፣ የግመሉ ትኩስ አረፋ ማጅራቱ ላይ ሲንጠባጠብ ተሰምቶታል።

ቁስሉ በዳነ ጊዜ ጠባሳ አይቶ በሚፈርደው በቁስል ዳኛው በሐጂ ዑተይቅ ድንኳን ተሰበሰቡ።

«ምስክር የለም፤ ጠባሳው ይመስክር» አሉ ሐጂ። «እኔ ወደ ኋላ እርቃለሁ። ከምሰሶው ባሻገር ሆኜ ከታየኝ፣ ሆን ተብሎ ነው፤ ሙሰለም ግመሎቹን አስረክቦ ከነቤተሰቡ ከዚህ የውኃ ጉድጓድ ይሰደዳል። ከምሰሶው ወዲህ ከጠፋኝ፣ አደጋ ነው፤ በግ ታርዶ ትታረቃላችሁ።»

ሙሰለም አንገቱን ደፋ። በጋ ሊገባ ነበር፤ ከጉድጓድ የተባረረ ሰው በበጋ ወዴት ይሄዳል?

ሐጂ ወደ ኋላ ማለት ጀመሩ፤ ገና ምሰሶው ጋ ሳይደርሱም ቆሙ። ፍረይጅ ቁስሉ እስኪድን ምላጭ አላስነካም ነበርና፣ ጢሙ ጠባሳውን ውጦታል።

«አልታየኝም።»

«ዓይንዎ ደክሞ እንዳይሆን፣ ሐጂ» አለ አንዱ።

«ዓይኔስ ደኅና ነው። ፍየሎችህ ገብሴ ውስጥ መሆናቸው እንኳ ከዚህ ይታየኛል።»

ድንኳኑ ሳቀ፤ ሰውዬውም ጫማውን ሳያጠልቅ ወደ ፍየሎቹ ሮጠ።

ሸይኽ ሐማድ ግን አልሳቁም። «ይላጭ» አሉ።

«የሰው ጢም ክብሩ ነው፤ ማንም አያስገድደውም» አሉ ሐጂ። «እርሱ ከፈቀደ እጠብቃለሁ።»

ሸይኹ ምላጭ ይዘው ከፍረይጅ ጎን ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አባትህ ሲሞት ማን አሳደገህ?»

«እርስዎ ነዎት፣ አጎቴ።»

«እንግዲያስ አገጭህን ቀና አድርግ።»

«አረፋው ማጅራቴ ላይ ነበር፣ አጎቴ። ከበትሩ በፊት።»

ሸይኹ ሐጂን በዓይናቸው ጥግ ቃኙ። «ይህን ሐጂ ፊት ልትናገረው ነው?»

«የማልናገርበትን መንገድ እየፈለግሁ ነው። እርስዎም ቢያግዙኝ።»

ሽማግሌው የወንድማቸውን ልጅ ዓይን ሸሹ፤ ቀስ ብለውም ምላጩን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡ። ትከሻቸው ሲረግብ ፍረይጅ አየ፤ ከተመታበት ቀን ጀምሮ ደረቱን ተጭኖት የነበረው ነገርም ቀለለው።

የመንግሥት ሹማምንት በዚያ ዓመት ስለ ገብስ ግብር ብዙ ጽፈዋል፤ ስለዚህ ድንኳን ግን የጻፈ የለም። ሁለቱ ጎሣዎችም ለልጅ ልጅ ያወረሱት የበጉን ሥጋ ጣዕምና የሐጂን ቀልድ ነው፤ የአረፋው ነገር ከሁለቱ ሰዎች ጋር ተቀበረ። ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው የተነገረውን ነው፤ ሰው በሰላም ያደረው ግን ሳይነገር በቀረው ሊሆን ይችላል። የዚያን ዕለት ሕዝቡ የሰማው፣ ፍረይጅ ከአጎቱ አጠገብ ተነሥቶ፣ ሙሰለምን እያየ የተናገረውን ብቻ ነበር፤

«ጢሜን አልላጭም፤ ሐጂ በቆሙበት ይፍረዱ።»