ሦስተኛው ውሃ

ስኳሩን ያወጣው በደግነት ነው።

«ባዶ እጄን አልመጣም ብዬ ነው፣ አያ» አለ ዳኛው፣ በጋዜጣ የጠቀለለውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ።

አያ ላቀው ስኳሩን አዩት። ከዚያ እሱን። ሳቅ አሉ።

«ሸጋ ልጅ! እታገኘሁ፣ እህሉን ወፍጮ ቤት አድርሺው እንጂ፣ ኋላ ወረፋ አይደርስሽም።»

ልጃቸው ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣች። በሩን የከፈተላት ዳኛው ራሱ ነው።

እዚህ ቤት ዳኛው ከአዘዞ የተላከ የሕቡዕ ድርጅት አባል ነው። ለደኅንነት መሥሪያ ቤት ግን «ቆቅ» የተባለ ሰላይ ነው። አያ ላቀው፣ ጡረታ የወጡ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ፣ ጫካ ለገቡት መድኃኒት ያቀብላሉ። ዛሬ መድኃኒቱን ወደ ድብ ባሕር የሚወስድ መልእክተኛ ይመጣል። ሲመጣ ቆቅ ውጭ ላደፈጡት ወታደሮች ምልክት መጋረጃውን ይገልጣል። በቃ። አለቃው ሻምበል ካሣዬ ምሎለታል፦ «ሽማግሌውን አንነካም።»

አያ ላቀው ቆርቆሮ ከፈቱ። አንድ ህንድ መምህር አገሩ ሲገባ የተወላቸው ጥቁር ሻይ ነው። ዱቄት አይደለም፤ ቅጠሉ ረጅም፣ ጥምዝምዝ ያለ።

«ይሄ ስኳር አይነካውም፤ አንዱ ቅጠል ሦስት ውሃ ይችላል» አሉ።

የመጀመሪያው ውሃ ቀይ ወርቅ መሰለ። ማር ማር ሸተተው። ሁለተኛው ጠቆር አለ፣ ድዱን ያዝ አደረገው፣ ኋላ እንደ ኮክ ልጣጭ አፉ ውስጥ ቀረ። ዳኛው ሻይ እንዲህ መሆኑን አያውቅም ነበር። ለምን እንደመጣ እንኳ ለአፍታ ረሳው።

መልእክተኛው ግን የለም።

«ልነሳ መሰለኝ፣ አያ።»

«ምነው? ሦስተኛውን ሳትቀምስ?»

የደባርቅ አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፋ። አያ ላቀው ድምጹ እስኪርቅ ጆሯቸውን ሰጡት። ከዚያ ቀዱ።

«አሁን ጠጣ ልጄ። ሄዳለች።»

ብርጭቆው ከንፈሩ ላይ ቀረ።

ዘንቢሏ። መድኃኒቱ እዚያ ውስጥ ነበር።

«በምን አወቁ?»

«ቀበሌ ስኳር ካየን ስንት ወራችን! እዚህ ከተማ ስኳር ጠቅልሎ የሚመጣ የማን ሰው ነው?» አልተቆጡም። የባሰው አለመቆጣታቸው ነው። «እንግዳዬ ነህ። ጨርስ።»

ሦስተኛው ውሃ ቀለል ያለ ነበር። ያለ ስኳር ጣፈጠው። ፊቱ ነደደ።

መጋረጃውን አልነካም።

በሩ ተበረገደ።

«ተነሳ ሽማግሌ!» ሻምበል ካሣዬ ነው፣ ከነወታደሮቹ።

«ጓድ ሻምበል፣ አንነካም ብለውኝ…»

«አመንከኝ እንዴ?» ሳቀ። «መድኃኒት የሚሰጠው ካልተያዘ ምን ዋጋ አለው! ከዚህ ቤት የወጣ ሰው አለ?»

አንድ ቃል ቢናገር አውቶቡሱ መንገድ ላይ ይያዛል። አያ ላቀው ብርጭቆ ብርጭቆውን ያያሉ።

«የለም» አለ ቆቅ።

«ሸጋ ሥራ ነው የሠራኸው!» አለ ሻምበሉ።

ሽማግሌው እጃቸው ታስሮ በአጠገቡ አለፉ። «ስኳርህን አትርሳ፣ ልጄ።»

ወታደሮቹ ሳቁ። ዳኛው ስኳሩን ኪሱ ከተተ። ምን ያድርግ?

ከሳምንት በኋላ ደሴ ነበር፣ በሌላ ስም። ሻይ ቤት ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

«ስኳር የለንም፣ ጋሼ። እንዲሁ ላምጣልዎ?» አለች አስተናጋጇ።

እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። ጣቶቹ በስኳሩ ተጣብቀዋል።

«እንዲሁ አምጪልኝ» አለ።