የልብስ ሰፊዋ ጣልያንኛ

መቀስ ፍለጋ የእናቷን የስፌት መኪና መሳቢያ ስትጎትት ደብተር ወጣ። የጣልያንኛ ደብተር፣ ያውም በእናቷ የእጅ ጽሕፈት።

ትምህርት ቤት «ጣልያኗ» የሚሏት እሷን ነው፤ የጣልያንኛ ቃል በየክፍለ ቃሉ ቆራርጦ በማንበብ የሚስተካከላት የለም። እናቷ ግን ልብስ ሰፊ ናት፤ አንዲት የጣልያንኛ ቃል ከአፏ ወጥታ አታውቅም። ኧረ ጉድ ነው! ደብተሩ ላይ «ካፕ-ፖት-ቶ» ተብሎ ካፖርት እንኳ በሰረዝ ተቆራርጧል። ከሥሩ ደግሞ ቃል ቃልን ሲወልድ ተጽፏል፦ «ሳርቶ» ወንዱ ልብስ ሰፊ፣ «ሳርታ» ሴቷ፣ «ሳርቶሪያ» ልብስ ስፌት ቤቱ።

መጨረሻው ገጽ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ። የጣልያንኛ የቃል ፈተና፣ ሰኞ ሦስት ሰዓት። ያለፈ ሰው ጣልያን አገር ስፌት ቤት ለሁለት ዓመት ይቀጠራል። ወረቀቱን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አገኘሽው?» አለች እናቷ ከበሩ ላይ።

«መቼ ልትነግሪኝ ነበር? አውሮፕላን ውስጥ ገብተሽ?»

«ሳልፍ። ብወድቅ በከንቱ ሆድሽ እንዳይባባ ብዬ ነው።»

«እኔስ?»

«አክስትሽ ጋ ትሆኛለሽ። ተነጋግረን ጨርሰናል።»

ተነጋግረው ጨርሰዋል! ሁሉም ሲያውቅ እሷ ብቻ አታውቅም። ጆሮዋን ማመን አቃታት።

እናቷ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። «ካወቅሽ አይቀር አስጠኚኝ። ድምፁ የቱ ጋ እንደሚጠነክር ነው ግራ የሚገባኝ።» ከዚያ «ቶ» ላይ ረገጥ አድርጋ «ሳርቶሪያ» አለች።

የሚረገጠው «ሪ» ላይ ነው። ጣልያኗ ይህን በእንቅልፍ ልቧም ታውቀዋለች።

«ልክ ነው» አለች።

ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች። እናቷ ግን ፊቷ በራ። «ቶ»ን በእርሳስ አሰመረችበትና ቃሉን ደጋግማ እንደዚያው እየተሳሳተች አለችው። ልጇን ለአፍታ እንኳ አልተጠራጠረችም። ጣልያኗ በእፍረት ፊቷ ጋለ።

«እማዬ፣ ዋሽቼሽ ነው።»

እናቷ እርሳሱን አስቀመጠች። «ለምን?»

«እንድትወድቂ።»

እናቷ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ጣልያኗ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበች። ላጲስ ፈልጋ «ቶ» ሥር ያለውን መስመር አጠፋች።

«ከመጀመሪያው እንጀምር» አለች። «እኔ ልበል፣ አንቺ ተከተዪኝ።»