ንጹህ ጥጥ

ጨርቅ ነጋዴው ሱቁ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ሥር ተዘርሮ ተገኘ። አንገቱ ዙሪያ ሰፊ ሰንበር አለ። ገበያው «ቅቤ ምላሱ» ይለው ነበር፤ ያ ምላስ አሁን ጠቁሮ ወጥቷል።

መርማሪው የሟቹን ቀኝ ጡጫ ፈልቅቆ ከፈተ። ውስጡ ሽንብራ የምታህል ጥቁር፣ ጠጣር ነገር አለች።

«የተሰበረ የልብስ ቁልፍ ናት» አለ ኮንስታብሉ። ሰውየው ችኩል ነው፤ ሻይ እንኳ ሳይቀዘቅዝለት ነው የሚጠጣው። «ምን ያደክመናል አለቃ? ታናሽ ወንድሙ ትናንት በውርስ ተጣልተው ‹አንቄ ነው የምገድልህ› ሲለው ሰው ሰምቷል። ከአንገቱ የማይለየው ነጭ የሱፍ ሻርፕም ዛሬ የለም።»

ወንድምየው ተጠርቶ መጣ።

«ሻርፑስ?»

«አውቶቡስ ላይ ረሳሁት።»

«ዛሬ? እንዲያው ዛሬ?»

«ጋሼን አልገደልኩትም! ያሳደገኝ እኮ እሱ ነው።»

ኮንስታብሉ ካቴናውን አወጣ። መርማሪው ግን ሟቹ ሲታገል በእጅ ሰዓቱ ማሰሪያ ከተያዙት ነጫጭ ክሮች አንዷን በወረንጦ ነቅሎ ክብሪት ጫረባት።

«አለቃ፣ ማስረጃ ያቃጥላሉ?»

«ሌሎቹ ይበቁናል። ወርቅ ብቻ ነው እንዴ በእሳት የሚፈተነው?»

ክሯ እንደ ወረቀት ቦግ ብላ ነደደች፤ ልም አመድ ሆነች።

«ሱፍ ብትሆን ያረረ ፀጉር ትሸት ነበር፤ የበግ ፀጉር ነዋ። ይቺ ጥጥ ናት። ልጁን ልቀቀው።»

ወንድምየው እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

መርማሪው ጥቁሯን ፍሬ አገላበጣት። ባንድ ጎኗ ያልተቃጠለ ቢጫ ክር ተጣብቋል። መደርደሪያው ላይ ያለው ቢጫ ጨርቅ አንድ ጥቅል ብቻ ነው፤ «ንጹህ ጥጥ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ከጫፉ ክር መዝዞ ለኮሰ። ክሩ ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ሲቀዘቅዝም ጥቁር ጠጣር ፍሬ ሆነ።

«ፖሊስተር!» አለ ኮንስታብሉ። «ሰው እንደለበሰው ቢቀጣጠልስ?»

መርማሪው ወደ ወንድምየው ዞረ።

«ሰሞኑን እሳት የበላው ሰው አለ?»

«የልብስ ሰፊዋ ልጅ። ምድጃ አጠገብ… ቢጫ ቀሚስ ለብሳ።»

ልብስ ሰፊዋ ጥቁር ለብሳ ማሽኗ ላይ ተቀምጣለች። ሲገቡ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

«እህቴ፣ ይቺን ታውቂያታለሽ?»

ፍሬዋን መዳፉ ላይ ስታይ አልደነገጠችም።

«ሐኪሙ ከልጄ ክንድ ላይ ያነሳት ናት። ጨርቁን ስገዛ እጄ ጠርጥሮ ነበር። ‹ጥጥ ነው?› አልኩት። ‹እናቴ ትሙት፣ ንጹህ ጥጥ ነው!› አለኝ። እጄን ትቼ ምላሱን አመንኩ። እሳቱ ሲነካው ቀልጦ ገላዋ ላይ ተጣበቀ። ላወልቅላት ስስበው ቆዳዋ አብሮ መጣ።»

ከማሽኑ ላይ ብጥስጣሽ ክር ለቀመች።

«ትናንት ይቺን እጁ ላይ አስቀምጬ ‹ምንድን ናት?› አልኩት። ‹የተሰበረ ቁልፍ› ብሎ ሳቀ። ሌላ ጨርቅ ሊያወርድልኝ ጀርባውን ሰጠኝ።»

ኮንስታብሉ አቀረቀረ።

«በምን አነቅሽው?» አለ መርማሪው።

ከማሽኑ ሥር ነጭ ቁራጭ ጨርቅ አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋች፤ እጥፋቱን በመዳፏ አስተካከለች።

«ከመገነዣዋ የተረፈ ነው» አለች። «ይሄኛው ንጹህ ጥጥ ነው። ራሴ አቃጥዬ አይቼዋለሁ።»