የኦርሜሮዶች አያት

ዊልፍ ኦርሜሮድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ደረጃ ላይ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከግርጌ፣ እግሮቹ ገና ከደረጃው ላይ ነበሩ፤ በግንባሩ ተደፍቶ አንድ የድሮ የጥምቀት መዝገብ በደረቱ ሥር ታቅፏል። ያገኘው ቄስ አልሶፕ ለፖሊስ ሲደውል በመጀመሪያ የተናገረው ስለ መዝገቡ ሽፋን መቀደድ ነበር። ይህን የሰማ የክላፈርደን ሰው አልገረመውም። ቄሱ ከሰው ይልቅ ለዕቃ እንደሚሳሳ ከተማው ከለመደው ቆይቷል።

ኢንስፔክተር ማቪስ ትሬልፎል ጉንፋን የማይለቃት፣ አጭርና ወፍራም ሴት ናት። ሬሳውን ዞራ ካየች በኋላ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን የሚያሻሸውን መቃብር ቆፋሪ ጆብ ፒሊንግን ጠራችው።

«ጉልበቱን ያመው ነበር?»

«የቀኙ አይታጠፍም ነበር» አላት። «ሲወጣ ደረጃው ዳር የተወጠረውን ገመድ በሁለት እጁ እየሳበ ነው። ሲወርድ ደግሞ ፊቱን ወደ ደረጃው አዙሮ፣ ልክ ከመሰላል እንደሚወርድ ሰው።»

«እንደዚያ የሚወርድ ሰው ቢያዳልጠው ወይ በጀርባው ይወድቃል፣ ወይ በእግሩ ይንሸራተታል» አለች ትሬልፎል አፍንጫዋን እየጠረገች። «ይሄ ሰው እየወረደ አልነበረም። ከላይ ቆሞ ሳለ ከኋላው ተገፍቷል።»

ዊልፍ ማማው ላይ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ አልነበረም፤ እዚያ ባለው የመዝገብ ክፍል የአያቱን ታሪክ ይፈልግ ነበር። የኦርሜሮዶች አያት እኖክ በ1878ቱ የሸማኔዎች አድማ ታስሮ ከተፈታ በኋላ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ቀርቷል። አሳልፎ የሰጠው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የፋብሪካው ጌታ ግን ለጠቋሚው የግቢውን በር ቤት፣ የዘበኛውን መኖሪያ፣ እንደሸለመው ከልጅ እስከ አዋቂ ያወራል። መቶ ዓመት ሙሉ የእኖክ ዘር በክላፈርደን ተከብሮ ኖረ። ሀብት የለውም፣ መሬት የለውም፤ ያለው ይህ ስም ብቻ ነው። በመጪው ቅዳሜም የእኖክ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ በሸማኔዎች አዳራሽ ሊመረቅ ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ መቶ ዓመት ታሽጎ የቆየው የ1881 የሕዝብ ቆጠራ ለሕዝብ ተከፈተ። ጡረታ የወጣው የሽመና መኪና ጠጋኝ ዊልፍ የአያቱን መጨረሻ ሲፈልግ ያላሰበውን አገኘ። በጌታው በር ቤት ይኖር የነበረው ዘበኛ እኖክ ኦርሜሮድ ይባላል፤ ዕድሜው የአያቱ ዕድሜ፣ የተወለደውም እዚሁ ክላፈርደን ነው። እሑድ ዕለት ይህን መጠጥ ቤት ውስጥ ለወንድሙና ለእህቱ ነገራቸው።

ታላቅ ወንድሙ ክሌመንት፣ ዕድሜውን በሠራተኞች ማኅበሩ ቢሮ በጸሐፊነት የጨረሰ ሰው፣ ነገሩን ከትሬልፎል አልደበቀም። መጠጥ ቤቱ ውስጥ እንደጮኸ፣ ብርጭቆም እንደሰበረ አመነ።

«ቅዳሜ ይህን ከተናገርክ ወንድሜ አይደለህም አልኩት» አላት። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «የመጨረሻ ቃሌ ያ ሆኖ ቀረ። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ እቤት ነበርኩ፤ ያየኝ ሰው ግን የለም። የፈለጉትን ያስቡ።»

ቄስ አልሶፕም ቢሆን የዊልፍ ወዳጅ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ያሠሩት የፋብሪካው ጌታ ዘሮች ናቸው፤ የድሮው ነገር ሲቆፈር ደግሞ ደስ አይላቸውም። ዊልፍን ከማማው ሊያስወጣው ሁለት ጊዜ እንደሞከረ ራሱ ተናገረ። ትሬልፎል ለዚህም አንገቷን ነቀነቀች እንጂ አልጻፈችውም።

እህቱ ሂልዳ ኢንስፔክተሯን የተቀበለቻት ወጥ ቤቷ ውስጥ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሸማኔ ነበረች፤ የሽመና መኪናዎቹ ጩኸት ጆሮዋን ጨርሶታል። የምታነጋግረውን ሰው ከንፈር ትኩር ብላ እያየች፣ በማይወጣና በማይወርድ ድምፅ ትመልሳለች። አላገባችም፣ አልወለደችም። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ እንኳ ቅድሚያ የሚሰጧት የእኖክ የልጅ ልጅ ስለሆነች ነው። ፋብሪካው ተዘግቶ ከሥራ ስትሰናበት፣ ሌሎቹ ሴቶች ሲያለቅሱ እሷ «የእኖክ ዘር ጌታ ፊት አያለቅስም» ብላ ቀና ብላ እንደወጣች ዛሬም ይወራል።

«ምሳውን ወስጄለት ነበር» አለች። «በሊጥ የተጋገረ የድንች ፓይ። ደረጃው ግርጌ አስቀምጬለት ተመለስኩ። ላይ አልወጣሁም።»

ትሬልፎል አመስግናት ወጣችና በቀጥታ ወደ ማማው ሄደች። የመዝገብ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳህን በጨርቅ እንደተሸፈነ ተቀምጧል። ፓዩ አልተነካም። ከጎኑ ዊልፍ ከቆጠራው የገለበጠው ወረቀት አለ፤ በበር ቤቱ ከዘበኛው እኖክ ጋር ሐና የምትባል እናቱ ትኖር ነበር። የጥምቀት መዝገቦቹ ሣጥን ያለው ደረጃው አፍ ላይ ነው። መዝገብ ከዚያ የሚያወጣ ሰው ለክፍሉ ጀርባውን ይሰጣል። ኢንስፔክተሯ ከሬሳው ሥር የተነሣውን መዝገብ ከፍታ ረጅም ጊዜ አነበበችና ፒሊንግን ደግማ አስጠራችው።

«ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነበርክ?»

«ምድጃውን እየጠረግኩ።»

«ከማማው ምን ሰማህ?»

«ዊልፍ ብቻውን ሲያወራ ነዋ» አለ ፒሊንግ። «‹አዎ፣ በር ቤቱ የነበረው እኖክ ኦርሜሮድ ነው› አለ። ዝም አለ። ‹አላቃጥለውም› አለ። ደግሞ ዝም። ‹ቅዳሜ ሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ› አለ፤ የሚስቅ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ደረጃው ቀረብ ብሎ ‹እኖኮች ግን ሁለት ናቸው፤ የኛው ንጹሕ ነው› አለ። ሽማግሌው ለየለት ብዬ አመዱን ይዤ ወጣሁ።»

«የሌላ ሰው ድምፅስ?»

«ምንም።»

ትሬልፎል ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የራሷም እናት እንደ ሂልዳ ሸማኔ ነበረች። ክሌመንት፣ ሂልዳና ቄሱ በነጋታው ጠዋት ሸማኔዎች አዳራሽ እንዲገኙ አዘዘች።

በነጋታው ጠዋት ድንጋዩ በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍኖ ግድግዳው ላይ ነበር። ክሌመንትና ቄሱ ተራርቀው ተቀመጡ። ሂልዳ መካከል ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ፒሊንግ በሩ ጋ ቆመ።

«ዊልፍ ከላይ የነበረው ከሰው ጋር ነው» ብላ ጀመረች ትሬልፎል። «‹አላቃጥለውም› የሚል ሰው፣ አቃጥለው ያለው አለ ማለት ነው። ያ ሰው ግን ድምፅ አላሰማም። አቶ ክሌመንት ሲናደዱ ብርጭቆ እንደሚሰብሩ ሰምተናል። ቄስ አልሶፕ ደግሞ ስለ መዝገብ ሲያወሩ ሹክ ማለት አይችሉም።»

ቄሱ ሊነሣ ሲል በእጇ አስቀመጠችው።

«የምሳው ሳህንም እላይ ክፍሉ ውስጥ ነው ያለው። ዊልፍ በሁለት እጁ ገመድ እየሳበ የሚወጣ ሰው ነው፤ ሳህን ይዞ አይወጣም። ምሳውን ያመጣው ሰው እላይ ድረስ ወጥቷል ማለት ነው።»

ክሌመንት ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ። ትሬልፎል ግን መናገሯን አቆመች። ከሂልዳ ፊት ለፊት ቆመችና ከንፈሯን አጋና፣ ያለ ምንም ድምፅ አንቀሳቀሰች። በድሮው ሽመና አዳራሽ፣ መኪናው ጆሮ በሚነሣበት፣ ሴቶች ከዳር እስከ ዳር የሚያወሩት እንዲህ ነበር፤ መኪናዎቹን ሲጠግን የኖረው ዊልፍም ይህን ያነብ ነበር። ክሌመንት የቢሮ ሰው ነው፤ ምንም አልገባውም። ሂልዳ በዚያው በድምፅ አልባው ንግግር መለሰች። አዳራሹ ውስጥ የሰዓቱ ድምፅ ብቻ ነበር።

«ምን አለች?» አለ ክሌመንት። «የኛ ሂልዳ ምን አለች?»

«ዊልፍ ማማው ላይ ምን እንዳላት ጠየቅኳት። ‹ወረቀቱን አቃጥለው ብዬ ለመንኩት፤ ስቆብኝ ጀርባውን ሰጠኝ› አለች።»

«ጠቋሚ ሊያደርገን ነበር» አለች ሂልዳ፣ አሁን በድምፅዋ። «ስቆብኝ ዞረ። ሌላ ምን አለኝ እኔ? ከዚህ ስም ሌላ ምን አለኝ? ገፋሁት።»

ትሬልፎል ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይታለች፤ የዚያን ቀን ግን አዘነች። የቀረውን ባትናገር ትወድ ነበር። ወንበር ስባ ከሂልዳ ፊት ተቀመጠች፣ ፊቷንም ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረች።

«ወንድምዎ ወሬ ሲያወራ ጥሩውን ለመጨረሻ ያስቀምጥ ነበር አይደል?»

«ሁልጊዜ» አለ ክሌመንት ከኋላ። «ከልጅነቱ ጀምሮ። ሰው ካላናደደ አይናገርም።»

«ያን ዕለትም እንደዚያው አደረገ» አለች ትሬልፎል፣ ዓይኗን ከሂልዳ ሳትነቅል፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየች። «እናንተ ዘንድ የበኩር ልጅ በአባቱ አባት ስም ይጠራል። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ዳንኤልና ጄምስ። የሁለቱም አባት እኖክ ነው። ስለዚህ በአንድ ዓመት ሁለቱም በኩሮቻቸውን እኖክ ብለው አስጠመቁ። በር ቤቱ የኖረው የጄምስና የሐና ልጅ ነው፤ እናቱ አብራው ተቆጥራለች። የእናንተ አያት የማን ልጅ ነበር?»

«የዳንኤል» አለች ሂልዳ። «የዳንኤልና የቤቲ።»

«ዊልፍ ይህን ሊያሳይዎት ነው መዝገቡን ለማውጣት የዞረው። ‹እኖኮች ሁለት ናቸው፤ የኛው ንጹሕ ነው› ብሏል። ፒሊንግ ከታች ሰምቶታል። እርስዎ ግን ጀርባውን ነበር የሚያዩት።»

 ሂልዳ እጇን ዘርግታ የኢንስፔክተሯን አገጭ ያዘች፤ እናት የምትዋሽ ልጇን እንደምትይዝ።

«ድገሚልኝ» አለች።

ትሬልፎል በዚያው በድምፅ አልባው ንግግር ደገመችላት። ክሌመንት ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ነበርና አላየም።

ዊልፍ ዓርብ ተቀበረ። ቅዳሜ ሰው አዳራሹን ሞላው፤ የእኖክ ስም በትክክል ተቀርጿል፣ ንጹሕም ነው። ከቤተሰቡ ግን አንድም ሰው አልመጣም። ክሌመንት በሩን ቆልፎ እቤቱ ተቀምጧል፣ ሂልዳ እስር ቤት ናት። የጨርቁን ገመድ የሚስብ ሰው ሲጠፋ ጆብ ፒሊንግን ጠሩት፣ እሱም ጫማው ላይ የትናንቱ አፈር እንዳለ ወጥቶ ሳበው።