ከኋላ የገባችው ጥይት

የመሬት ቀያሹ ጥይት ስትጮህ አህያው ደንብራ ቁልቁል በረረች። ቢላ መዞ የተወረወረበት ቀጫጫ ሽፍታ አሸዋው ላይ ወድቆ ጭኑን ይዞ ይጮኻል። ጓደኛው የወደቀውን ቢላ አፈፍ አድርጎ፣ አህያዋን ከነውሃዋና ከነመለኪያ ዕቃው እየነዳ ሸሸ። ቀያሹ ሽጉጡን ወደሚሸሸው ጀርባ ደገነ፤ ከዚያ አወረደው። የሽጉጥ ፈቃድ ሲያወጣ ያሠለጠነው የሽማግሌው መቶ አለቃ ድምፅ ጆሮው ላይ ጮኸበት፦ «ነፍስህ ላይ ሲመጡብህና መውጫ ስታጣ ብቻ! ለንብረት አይተኮስም! ጀርባውን የሰጠህን ከመታህ፣ ራስን መከላከል ሳይሆን ወንጀል ነው!»

ውሃው ሄደ። ይሁን።

ቁስሉን ሊያስር ሲንበረከክ ግን ክው አለ። ጥይቷ የገባችው ከጭኑ ኋላ ነው። ለካ ሰውየው ቃታው ሲሳብ ዘወር ብሏል! አሁን ማን ያምናል? ቢላ እንደተሰነዘረበት የሚመሰክርለት የዚህ ቁስለኛ አፍ ብቻ ነው፤ እሱም ደሙ እየፈሰሰ ነው።

«ትሞትና ወዮልህ!» አለው።

«ኧረ በፈጠረህ፣ በሰላም ልሙትበት።»

«ፖሊስ ጣቢያ ገብተህ እውነቱን ሳትናገር ሞት የለም!» ብሎ ቁስሉን አስሮ አዘለው።

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ወገቡ ላይ ከቀረችው ኮዳ መጀመሪያ ለቁስለኛው፣ ከዚያ ለራሱ ጠብ ያደርጋል።

«ምስክር ይቅደም» ይላል እየተነጫነጨ።

«ተንከባክበህ ገደልከኝ እኮ!»

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ። አሸዋው ዓይናቸውን ደፈነው፤ ቀያሹ ሁለቴ ተደናቅፎ ወደቀ፤ ኮዳዋም ተከፍታ ውሃው ፈሰሰ። እዚያው ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«አታልቅስ» አለ ቀጫጫው። «ቢላ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ርቦኝ ነው። እናገርልሃለሁ።»

ሲመሽ ጅቦች ከበቧቸው።

«ሽጉጡን እኔ ልያዝ፣ አንተ እሳት አንድድ።»

«አይሆንም፤ ፈቃዱ በስሜ ነው። ለሌላ ማስያዝ ክልክል ነው።»

«ወይ አንተ! ጅቦቹ ናቸው ፈቃድ የሚጠይቁኝ?»

ሁለቱም ሳቁ። የሳቁት ያኔ ብቻ ነው።

«ስማኝ» አለ ቀጫጫው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጥለኸኝ ሂድ። ጥይትህን አታባክን። ባዶ ሽጉጥ ይዘህ ብትገባ፣ ሁሉንም እኔ ላይ አርከፈከፍከው ነው የሚሉህ።»

እውነቱን ነው፤ ቀያሹም ያውቃል። ተነስቶ ጥቂት ራቀ። ከኋላው አንዱ ጅብ የቆሰለውን እግር ነክሶ ጎተተ።

«እማዬ!»

ቀያሹ እየሮጠ ተመለሰ። ተኮሰ። ደገመ። ሽጉጡ ባዶውን ቀጭ እስኪል ተኮሰ። ጅቦቹ ሲበተኑ ቁስለኛውን እንደገና አዝሎ መንገድ ጀመረ።

ጎህ ሲቀድ የፖሊስ ጣቢያው ቆርቆሮ ጣሪያ ታየ።

«ደረስን፣ አይዞህ!»

ጀርባው ላይ ያለው ሰውነት ቀዝቅዞ ከብዶታል። መሞቱ ገብቶታል፤ ግን አላወረደውም።

ጣቢያው ገብቶ አስከሬኑን ወለሉ ላይ አጋደመ፤ ሽጉጡንና ፈቃዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። የጣቢያው ሳጅን አስከሬኑን አገላብጦ አየ።

«ከኋላ ነው የመታኸው።»

«ዘወር ሲል ነው።»

«ቢላውስ?»

«ጓደኛው ወሰደው።»

«የቀሩት ጥይቶችስ?»

«ለጅቦቹ።»

«ታዲያ ጅቦቹን ልጥራልህ?» አለ ሳጅኑ። ወዲያው በራሱ አፈረ መሰል፣ ካቴናውን ቀስ ብሎ አሰረለት። «አንተ ሰው፣ እዚያው ጥለኸው ብትመጣ ማን ያገኘው ነበር?»

«እማዬ ብሎ ተጣራ እኮ» አለ ቀያሹ።

ሳጅኑ አንድ ኩባያ ውሃ ሰጠው። ቀያሹ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ጉሮሮው ደርቋል። በታሰሩ እጆቹ ኩባያውን ይዞ ተንበረከከና፣ መጀመሪያ ወደ ሟቹ አፍ አስጠጋው።